በበዓለ ሃምሳ የተጾመው ረቡዕ

ወይዘሮ እታገኝ ሰው የማትንቅ ሴት ነበረች። እንዲህ የሚለው አገሬው ነው፤ ከአገሬው አብልጣ ደግሞ ራሷ ትለዋለች። ለማኝ ሆዱ ባዶ ሆኖ በደጇ አያልፍም። መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ባለችው በዚያች ነፋሻ መንደር፣ ዝናብ የያዘው መንገደኛ ሁሉ የሚጠቆመው የእሷ ቤት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች፣ የበጎቿን ፀጉር እየፈተለች ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ እያሠራች፣ የማንንም እጅ ሳታይ ትኖራለች። "እኔ ዘር አልቆጥርም፤ ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን" ማለት ትወዳለች። ሲሰሟት ደስ ትላለች፤ ራሷን ስትሰማም ደስ ይላታል።

ማስረጃም ነበራት። ማስረጃዋ አረጋሽ ናት።

አረጋሽ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ባሏ ገብረየሱስ ደግሞ ቀጥቃጭ። ከመንደሩ ዝቅ ብሎ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ለብቻው የቆመው ቤት የእነሱ ነው። የአገሩ ማረሻና ማጭድ ከገብረየሱስ መዶሻ፣ የአገሩ ጋንና ድስት ከአረጋሽ እጅ ይወጣል። አገሩስ በምን ይመልሳል ቢሉ፣ "ጠይብ" እያለ ይጠራቸዋል። ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይላል። እታገኝ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ከአፏ አይወጣም። እሷና አረጋሽ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጸበል ክርስትና የተነሡ እኩያሞች ናቸው። ጋን ስትፈልግ ከአረጋሽ ሌላ አትገዛም፤ ስታልፍ ስታገድም ጎራ ብላ ታወጋለች፤ አዝመራ ሲገባ አንድ ቁና ገብስ ሳትልክላት አትቀርም። "አረጋሽ እኮ እህቴ ናት" ትላለች። እህትሽ ቤት በልተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ማን ይጠይቃል? ጠያቂውም አልበላ።

በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ ከወረዳው አንድ ወጣት ካድሬ መጥቶ ሕዝቡን በቀበሌው ግቢ ሰበሰበ። ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት ሲያስረዳ ግማሽ ቀን ፈጀና፣ "በዚህ ቀበሌ በዘሩ የሚናቅ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"የለም!" አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ።

"እኛ እዚህ አንድ ብሔር ነን። ማን ማንን ይንቃል?" ብለው አቶ መሳፍንት ሲያክሉበት ጭብጨባው ቀለጠ። ካድሬውም ደስ ብሎት በደብተሩ ጻፈ።

ውሸት አልነበረም። የአቶ መሳፍንት መታወቂያ "ብሔር፦ አማራ" ይላል፤ የገብረየሱስም እንዲሁ ይላል። መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸው አንድ፣ ታቦታቸው አንድ፣ ንስሐ አባታቸው አንድ ነው። ንቀት የሚባለው ነገር ከሩቅ አገር፣ ፊቱ ከማይመስላቸው ሰው ጋር የሚመጣ እንጂ ከወንዙ አፋፍ ላይ ያለ አይመስላቸውም። እታገኝም እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። ገብረየሱስና አረጋሽ ከሁሉ ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። ለምን እዚያ እንደቆሙ ማንም አላሰበበትም፤ ሁልጊዜም የሚቆሙት እዚያ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዲህ ተሸፋፍኖ ይኖር ነበር፤ ያወጣው ስለት ነው።

የአረጋሽ ልጅ ምስክር ባድመ ዘምቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዛው ጠፍቶ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ፣ የሌላው ልጅ መርዶው ወይም ደብዳቤው ሲመጣ፣ የእሱ አንዱም አልመጣም። የዚያ ዓመት ፋሲካ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን ይዞ መሐል ሜዳ ላይ ከአውቶብስ ወረደ። መንደሩ እልል አለ። ከሁሉ የበለጠችው እታገኝ ናት፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል አለች፣ እውነተኛ እልልታ ነበር።

ግንቦት አምስት እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ አረጋሽ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ አባ ወልደ ሥላሴን መስቀል ተሳልማ፣ "አባቴ፣ ስለቴ ደርሷል" አለቻቸው።

"እሰይ! እሰይ ልጄ! ምን ነበር የተሳልሽው?"

"እመቤቴ ማርያም፣ ልጄን ብትመልሺልኝ ማኅበርተኞችሽን በቤቴ እዘክራለሁ ብያት ነበር። ግንቦት ሃያ አንድ ቤቴ ኑልኝ።"

አባ ወልደ ሥላሴ የጀመሩት ሳቅ ጢማቸው ላይ ቀረ።

የማርያም ማኅበር በየወሩ በሃያ አንድ፣ ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ተራ እየገባ ጽዋው የሚጠጣበት ማኅበር ነው። አሥራ ሁለት አባል አለው። አረጋሽ ከመካከላቸው የለችም። አትግቢ ያላት ሰው የለም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማንም በአፉ ተናግሮት አያውቅም። ብቻ አባል ብትሆን ተራ ይደርሳታል፤ ተራ ከደረሳት ቤቷ ገብቶ መብላት ይመጣል፤ ስለዚህ ነገሩ ሳይነሳ ኖረ። የሚጠጡበት ጽዋ ራሱ የአረጋሽ እጅ ሥራ ነው። አሮጌው የተሰበረ ጊዜ እሷ ሠርታ ሰጥታ፣ አባ ሦስት ጊዜ ጸበል ረጭተውበታል። ከገበያ ለተገዛ ጽዋ አንዴ ይበቃው ነበር።

ስለት ደግሞ ስለት ነው። የተሳለ ሰው ኑ ሲል መቅረት የማርያምን ማዕድ በእጅ መግፋት ነው። ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች ሥር ተሰብስቦ ጭንቅ ያዘው።

"እኔ በልጆቼ አልጫወትም!" አለች ወሰኔ፣ ነገር ከሁሉ ቀድሞ የሚገለጥላት ጎረቤት ናት። "የጌታን ችንካር የቀጠቀጡት የእነሱ ዘሮች ናቸው ሲባል ነው ያደግሁት።"

"ችንካሩን የቀጠቀጠው ሮማዊ ነው" አሉ አባ ወልደ ሥላሴ። "ሮም ደግሞ ከመንዝ ሩቅ ነው።"

"ታዲያ እርስዎ ይሄዳሉ?"

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማኅበሩ ይምከርበት" አሉ። ቄስ ሲቸግረው ማኅበር ይመክራል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አቶ መሳፍንት ናቸው። እሳቸውም አንዴ ሰማይ፣ አንዴ ከዘራቸውን አዩ። በዚህ ጊዜ ነው እታገኝ መፍትሔ ያመጣችው። "ሰው ለምን ይጨነቃል? ገብሱንም በጉንም አረጋሽ ታውጣ፤ ድግሱ እኔ ቤት ይሁን። እኔ እጠምቃለሁ፣ እኔ እሠራለሁ። የእሷም ስለት ይደርሳል፣ ሰውም አይቸገር።"

ሁሉም እፎይ አለ። "አንቺ እኮ ሰው ማለት ነሽ!" አሏት። "አንቺው ንገሪያት፤ ከአንቺ አፍ ሲሆን አይከፋትም።" እታገኝ የዚያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው ደረቷ ሞልቶ ነው። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት ይገኛል!

ግንቦት ስምንት፣ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ወደ አፋፉ ወረደች። ምስክር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ይጠግናል። አረጋሽ የሸክላ አፈሯን ስታሽ ነበር፤ እንግዳ ስታይ እጇን ታጥባ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠቻትና ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በአዲስ ሳህን ጭኮ ይዛለች፤ በንጥር ቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ቅቤው ከላዩ የሚያብረቀርቅ።

"ልጄ የመጣበት ነው፤ ቅመሺልኝ።"

"ውይ አንቺ!" አለች እታገኝ፣ ደረቷን መታ አድርጋ። "ረቡዕ አይደል እንዴ? ጾም ላይ ነኝ!"

ጣሪያው ላይ የምስክር እጅ ቆመ። አረጋሽ ሳህኑን እንደያዘች አየቻት፣ አየቻትና፣ "በበዓለ ሃምሳ?" አለች።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ሆነ ዓርብ አይጾምም። ይህን የማያውቅ መንዜ ገና አልተወለደም። እታገኝ ራሷ የዚያን ጠዋት አንድ ቅል እርጎ ጠጥታ ነው ከቤቷ የወጣችው።

ፊቷ ሲግል ተሰማት። አስባ ብትዋሽ ኖሮ ይሻላት ነበር። እሷ ግን አላሰበችም፤ አፏ ነው ብቻውን የተናገረው፣ ብዙ ዘመን የለመደውን መንገድ ይዞ። ከዚያ በፊት ስንቴ እንደሄደበት ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

አረጋሽ ብትቆጣ ይቀላት ነበር። አረጋሽ ግን ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ።

"ሠላሳ ዓመት ነው እኔ ቤት ስትደርሺ የምትጾሚው" አለች። "ሰኞ ስትመጪ ንስሐ ገብተሻል። ማክሰኞ ሆድሽን ይቆርጥሻል። ቅዳሜ ደግሞ አሁን በልተሽ ነው የወጣሽው። እኔም እያወቅሁ አቀርብልሻለሁ፤ አንቺም ሰበብሽን ታቀርቢያለሽ። ዛሬ አለቀብሽ፣ እታገኝ።"

"እኔ እኮ ንቄሽ አይደለም! አረጋሽ ሙች! እኔ እኮ እወድሻለሁ!"

"መውደዱንማ ትወጂኛለሽ። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። የሚጠላኝ ሰው ቤቴ ባይበላ ምን ይገርመኛል?"

እታገኝ የምትይዘው የምትጨብጠው ቢጠፋት፣ ያንን የመጣችበትን መፍትሔ አወጣችው። ድግሱ እኔ ቤት ይሁን፣ እኔ እጠምቃለሁ፣ አንቺ አትድከሚ። ከጥዶቹ ሥር ያን ያህል ያማረው ነገር፣ እዚህ ሲነገር ለራሷም ጆሮ አስቀያሚ ሆነ።

"በቤቴ ብዬ ነው የተሳልኩት" አለች አረጋሽ። "ደግሼ በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ካልመጣችሁ ኃጢአቱን እናንተው ከእመቤቴ ጋር ተነጋገሩበት።"

ምስክር ከጣሪያው ላይ ሆኖ፣ "እትዬ እታገኝ" አለ በትሕትና፣ "ምሽግ ውስጥ አንድ ኮዳ ውኃ ለስምንት ሰው ነበር የሚደርሰን። አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከዚሁ ከራቤል። አባትህ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።" ቀጥሎም፣ "ይህን የሚጠይቀው ያልጠማው ሰው ነው" ብሎ ክዳኑን መጠገኑን ቀጠለ።

እታገኝ ዳገቱን ስትወጣ እፍረቱ ከድካሙ ይልቅ ከበዳት። መጀመሪያ ተናደደች፤ በአረጋሽ፣ በምስክር፣ በጭኮውም ጭምር። እኔ ገብስ የምልክ! እኔ እህቴ የምል! ዳገቱ ሲያልቅ ንዴቱም አለቀ፤ የተረፈው እውነቱ ነው። አረጋሽ እሷ ቤት ስትመጣ የምትቀመጠው ከበሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚመታው ድንጋይ ላይ ነው። የምትጠጣው ደግሞ ከበሩ ኋላ በራሷ ችንካር ላይ በተሰቀለች አንዲት ቅል ነው። "ይቺ የአረጋሽ ናት" ትላለች እታገኝ፣ ለልጅ ለጎረቤቱ። ሠላሳ ዓመት ይህን ፍቅር ነው ብላ ኖራለች። ለሌላ ለማን ነው ለብቻው ቅል የለየችው? ለሥጋ ዘመዷ አልለየችም፣ ለንስሐ አባቷ አልለየችም። ቤቷ እንደገባች ቅሏን አወረደች፤ አጥባ ከሌሎቹ ቅሎች ጋር ደባለቀቻት። እቃ ቤቱ ጨለም ያለ ነው፤ ወዲያው የቷ የቷ እንደሆነች ጠፋት። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ አቶ መሳፍንት ዘንድ ሄደች። ገብስ ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘቻቸው።

"እኔ ሄጄ እበላለሁ" አለቻቸው። "እርስዎ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።"

"ቡዳውን አትፈሪም?"

"እርስዎስ እውነት ይፈሩታል?"

አቶ መሳፍንት ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ብቻቸውን ሲያገኟቸው ማለቴ ነው። ከዘራቸውን አፈሩ ላይ አሽከረከሩ። "ቡዳውንስ ለልጆቹ ማስፈራሪያ ነው። የምፈራው ሌላ ነው። ዛሬ ገብረየሱስ ቤት ከበላን፣ ነገ ልጅህን ለልጄ ቢለኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? መብላት በር ነው፤ በሩ ከተከፈተ ጋብቻም ይገባል። አጥንታችን..."

"አጥንት አይተው ያውቃሉ፣ አቶ መሳፍንት?" አለች እታገኝ። "የባለቤቴን አፅም ልናዛውር ያወጣን ጊዜ እኔ አይቻለሁ። ከጎኑ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አፅም ወጥቶ ነበር። የቱ ቀጥቃጭ፣ የቱ ጨዋ እንደሆነ መለየት የቻለ ሰው አልነበረም።"

አቶ መሳፍንት ማሳውን ማየታቸውን ቀጠሉ።

ግንቦት ሃያ አንድ ጠዋት፣ እታገኝ ነጠላዋን ለብሳ ከሁሉ ቀድማ ወረደች። እንግዳ ሆና አይደለም፤ ጎረቤት ድግስ ሲኖረው እንደሚደረገው፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጓዳ ገባች። አረጋሽ ሽንኩርት ሰጠቻት። ጥቂት ቆይታ የበጉን ወጥ በጭልፋ ጨለፈችና፣ "ጨው ቅመሺልኝ" አለቻት።

እታገኝ መዳፏን ዘረጋች። ወጡ ትኩስ ነው። ወደ አፏ ስታስጠጋው ጉሮሮዋ ጥርቅም አለ። አእምሮዋ ያወቀውን ጉሮሮዋ ገና አልሰማም ነበር። ሞኝነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ያም ሆኖ ላብ አጠመቃት። አረጋሽ ጀርባዋን ሰጥታ እሳቱን ታስተካክላለች፤ ወይም ታስተካክል መስላ ትጠብቃለች። እታገኝ ዓይኗን ጨፍና ላሰችው፣ ዋጠችው። ምንም አልሆነችም። በግ ነው፣ ቅቤ ነው፣ በርበሬ ነው።

"ጨው ያንሰዋል" አለች።

"አንቺ ጨው መች ይበቃሻል" አለች አረጋሽ ሳትዞር፣ ግን ጨመረች።

ረፋዱ ላይ አባ ወልደ ሥላሴ መጡ፤ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ይዘዋል፣ ሰው እንዳያያቸው ይሁን ለፀሐይ አልታወቀም። ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለ ሰው ተጠራቀመ። ከአሥራ ሁለቱ ስምንት መጡ። ወሰኔ አልመጣችም፤ እስከ ዛሬም አልመጣችም። አቶ መሳፍንት የተሰበረ ማረሻ ይዘው ብቅ አሉና፣ እሱን ለማሳየት የመጡ መስለው ደጅ ላይ ቆሙ። ገብረየሱስ ማረሻውን ተቀበላቸው፣ አገላብጦ አየው፣ "ነገ ይደርሳል፤ አሁን እሳቱ ጠፍቷል፣ ብረት በቀዝቃዛው አይሠራም፣ ይግቡ" ብሎ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው።

ጸሎት ተደረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ማዕድ ቀረበ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ቁራሹን በጣቱ ያሻሸዋል፤ አንዱ ሌላው እስኪጎርስ ይጠብቃል። ገብረየሱስ ዞር ዞር ብሎ አያቸው።

"ይብሉ እንጂ አቶ መሳፍንት" አለ። "ጅብ የምሆነው ሲመሽ ነው፤ ገና ቀን ነው።"

የሁሉም ጣት ቁራሹ ላይ ቆመ። ቀድመው የፈነዱት አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ በሳቅ ጠላው ትን አላቸው። ምስክር ጀርባቸውን ይመታል፣ አቶ መሳፍንት ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ይንከተከታል። ከሳቁ በኋላ የበላው ሰው እንደበላ አላስተዋለም። በጉ አለቀ፤ ጋኑም ተጋመሰ። አባ ማዕዱን ሲባርኩ "የባለስለቷን ቤት" ብለው ትንሽ ካሰቡ በኋላ፣ "የማኅበርተኛችንን የአረጋሽን ቤት ይባርክ" አሉ። አቶ መሳፍንት "አሜን" አሉ። ሙሴው አሜን ካለ በኋላ የሚመከርበት ነገር አልቀረም።

ሰው ተሸኝቶ ሲያልቅ ሁለቱ ሴቶች ከተረፈው ገበታ ዳር ቁጭ አሉ። እታገኝ ደክሟት፣ ጠግባ፣ ደስ ብሏት ነበር። አመስግኚኝ የሚል ነገር ሆዷ ውስጥ ብቅ ቢልባት አፍራ መለሰችው፤ በልቶ መመስገን ምን ማለት ነው?

"ግን አንቺ" አለች፣ "ሰው የሚሳለው ጃንጥላ ነው፣ መጋረጃ ነው። ምን አስበሽ ነው ይህን የተሳልሽው?"

አረጋሽ ገበታው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ሰበሰበች።

"ልጄ ነው የጠፋው" አለች በመጨረሻ። "ጃንጥላ ቀለለብኝ። ከሁሉ የከበደኝን ነገር ፈልጌ ተሳልኩላት። ልጄን እንደምትመልስልኝ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም፣ እታገኝ። የተጠራጠርኩት እናንተን ነው።"

የእታገኝ ዓይን ሞላ። አረጋሽ ከገበታው ቆረሰች፣ በወጡ አጠቀሰች፣ አድቦለቦለችው። ከጥፍሯ ሥር የሸክላ አፈሩ ታጥቦም ይታያል።

"አፍሽን ክፈቺ" አለቻት።

እታገኝ ከፈተች፤ ጎረሰች። ገና ሳትውጥ አረጋሽ ሌላ ቆርሳ እጇን ዘረጋች።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለችና ደገመቻት።